ኮቴ የሌላት ብርኽቲ

የብርኽቲ አባት አቦይ ካሕሳይ የደወሉልኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ነው፤ እንባዬ ከወሬው ቀድሞ መጥቶ ነበር ማለት ነው። «ዘይነባ ጓለይ» አሉኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲያወርዱ በለመዱት፣ ከእኔ ጋር ብቻ በሚያወሩት አማርኛቸው ነው። ጓለይ ልጄ ማለታቸው ነው። «የብርኽቲን ተዝካር ላወጣ ነው። ከጓደኞቿ አንቺ ካልመጣሽ ቅር ይለኛል።»

«ምን ተገኘ አቦይ?» አልኳቸው። አጥንት ተገኘ ወይ ማለቴ ነበር፤ አፌ ግን አላወጣውም።

«ምንም አልተገኘም። ያልተገኘ ሰው ግን ማረፍ የለበትም እንዴ?»

እመጣለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ሽንኩርቱን ትቼ ተቀመጥኩ። ብርኽቲ ከጠፋች ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፤ ወገቤም ሰፍቷል። እንደዚያም ሆኖ አንዳንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጀርባዬን ቅዝቅዝ ይለኝና እዞራለሁ። ተማሪዎቼ የሚኮርጅ ልይዝ የዞርኩ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።

ከብርኽቲ ጋር የተገናኘነው መቀሌ፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ነው። አባቴ ከወሎ ሄዶ መቀሌ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ስለነበር ከተማው ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ትግርኛም እችላለሁ፤ ብርኽቲ ግን «ወላይዋ» እያለች በአማርኛ ታወራኝ ነበር። ዶርም የደረሰን አንድ ላይ ነው። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ልብሴን እያጣጠፍኩ ሳለሁ ዞር ስል አልጋው ላይ ተቀምጣ በለስ ትልጣለች።

«መቼ ገባሽ?»

«ቅድም።»

በራችን ሲከፈት የሚያሰማው ጩኸት እኮ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ሰው ያስነሳ ነበር። እሷ ስትገባ ግን ዝም ይላል። የምትረግጠው መሬት ላይ ጠጠር ይኑር፣ ደረቅ ቅጠል ይኑር፣ ድምፅ የለም። የዶርማችን ልጆች በድንጋጤ ልትገድለን ነው ብለው በቦርሳዋ ላይ ትንሽ ቃጭል አሰሩላት። ቃጭሉ እኛ ስንይዘው ይንጫጫል፤ እሷ ስትይዘው አይሰማም። በዚህ ስንስቅ ከረምን። ቆይቶ ማን እንደፈታው እንጃ፣ አንዷ ፈርታ ፈታችው፤ ሳቁም በዚያው ቀረ።

ስፖርቷ የእርምጃ ውድድር ነበር። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ሩጫ አይደለም፤ በሩጫ ፍጥነት መራመድ ነው። ዋናው ሕጉ አንድ ነው፤ ምንጊዜም አንድ እግር መሬት ላይ መሆን አለበት። ሁለቱም ከተነሱ ዳኛው ያስወጣል። ዳሌ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ክንድ ይቀዝፋል፤ አይቶ የማይስቅ የለም። በሓወልቲ ሰፈር በኩል ልምምድ ስንወጣ የባጃጅ ሹፌሮች ያጨበጭባሉ፤ ልጆች ከኋላዋ ተሰልፈው ዳሌያቸውን ያወዛውዛሉ። እኔ መረብ ኳስ ተጫዋች ነኝ፤ ቁመቴን እያዩ ስልክ እንጨት ሲሉኝ ስለኖሩ በእሷ ሲስቁ በራሴ የሳቁ ይመስለኝና እሳደባለሁ።

«ተዪያቸው ሓብተይ» ትለኛለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። «የሚስቅ ሰው እያየ ነው። የሚያስፈራው የማያየው ነው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው ስፖርተኞች አንድ ልማድ ነበረን። በተለመነ ፒካፕ ተጭነን ከከተማው ዳር ዳር ወዳሉ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ ኩሓ፣ ወደ ዓይናለም እንሄዳለን። ከልጆቹ ጋር ኳስ እንጫወታለን፤ ከዚያ ክፍል አስገብተን ምክር እንሰጣለን። ደመወዝ የለውም፤ ትርፉ አቧራ ነው፤ ግን እንወደው ነበር። ምክራችን ሁሌም አንድ ነው። አጥኑ፣ ስፖርት ሥሩ፣ ጫት አትቃሙ፣ በበረሃና በባሕር አትሂዱ። ያን ጊዜ ከየቤቱ አንድ ሰው በአፋር በረሃ ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሳውዲ ለመግባት ይወጣ ነበር። የደረሰው ይደውላል። ያልደረሰው አይደውልም። ልጆቹ ደግሞ የሚሰሙት የደወለውን ነው፤ ፊታችን ተቀምጠው ያዛጋሉ። እኔ «ስፖርት ከሠራችሁ እንደ እኔ ትረዝማላችሁ» ብዬ ዋሽቼ አስቃቸውና እቀመጣለሁ።

ብርኽቲ ግን አትመክርም። ስትነሳ ክፍሉን ታየዋለች፤ ከዚያ ማሊያዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። «ጨዋታ ነው» ትላለች። «ሁላችሁም ግንባራችሁን ዴስኩ ላይ አድርጉና ዐይናችሁን ጨፍኑ። እኔ በመሀላችሁ እሄዳለሁ። ከኋላው የቆምኩ የመሰለው እጁን ያውጣ። ያወቀ ማሊያውን ይወስዳል።»

እኛ ግድግዳውን ተደግፈን እናያለን። እሷ በወንበሮቹ መካከል ትሄዳለች። አንዱን ልጅ ማጅራቱ ሥር ቆማ ፀጉሩን በትንፋሿ ታንቀሳቅሰዋለች፤ ልጁ ምንም። ማሊያውን የወሰደ አንድም ልጅ አላየሁም።

አንዳንድ ቅዳሜ ግን እጅ ይወጣል። እሷ ካለችበት አይደለም፤ ከሌላ ጥግ።

የመጀመሪያውን ያየሁት ኩሓ ነው። ብርኽቲ ሰሌዳው ጋ ቆማለች፤ ኋላ ወንበር ላይ ያለ አንድ ደልደል ያለ ልጅ እጁን ቀጥ አድርጎ አወጣ። ከኋላው ግድግዳ ብቻ ነበር። እኔ ሳቄ መጣ፤ ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል። ጨዋታውን አቋርጣ «በቃ፣ ዐይናችሁን ግለጡ» አለች። ከክፍል ስንወጣ ልጁን ባሕር ዛፉ ሥር ለብቻው ያዘችው። ኳስ ልሰበስብ ብዬ ጠጋ ስል ሰማኋቸው።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ወዴት?»

«አንተ ታውቃለህ።»

ልጁ በእግሩ አፈር ቆፈረ። በመጨረሻ «ማን ነገረሽ?» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ጨርሶ ኖሯል፤ እናቱ አታውቅም። ብርኽቲ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰችበት፤ ልጁ ቀረ። ዛሬ ኩሓ ጎማ ይጠግናል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም አልወደድኩትም። «ስሚ» አልኳት አንድ ቀን፣ «ይሄ ነገር ጥንቆላ ነው። አባቴ ቢሰማ ከአንቺ ጋር አንድ ዶርም አያሳድረኝም።» በልቤ ግን መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ምስጢር የያዘ ልጅ ሰውነቱ ይወጠራል፤ ነፋስም ሲነካው ሰው ይመስለዋል፤ በቃ።

ዓይናለም የውሃ ጉድጓዶቹ ጋ፣ የፒካፑ ጎማ ፈንድቶ እስኪቀየር ተቀምጠን ነበር፤ እኩለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ይበሳል። «ጥንቆላ አይደለም» አለችኝ። «ያስተማረኝ ወንድሜ ነው።»

ታላቅ ወንድም ነበራት፤ ሀፍቶም። የሄደ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በሩን ሲከፍት ነቅታ ተከተለችው። ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ግን ያኔም ኮቴ አልነበራትም። ክንዷን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ቀርባ ከኋላው ሄደች። ወንድሟ በመንገዱ ላይ ደጋግሞ ይቆማል። ይቆምና ይዞራል። ወደ እሷ አይደለም፤ በቀኝ በኩል ወዳለው ባዶ እርሻ። «ማን ነህ?» ይላል። ያዳምጣል። ከዚያ ይቀጥላል። አስፋልቱ ጋ መኪና ላይ ሲወጣ እንኳ አላያትም።

«ለምን አልጠራሽውም?» አልኳት።

«ሌላ ሰው እያዳመጠ ነበራ!» አለችኝ ተቆጥታ፤ የጥያቄዬ ሞኝነት ገርሟት። «ሊሄድ የወሰነ ሰው፣ ከመሄዱ በፊት ከኋላው የሚቆምለት አለ። ማን እንደሆነ አላውቅም ዘይኑ። የማውቀው፣ ያ ከቆመ በኋላ የኛ ድምፅ እንደማይሰማ ነው። ስለዚህ ቶሎ ብዬ ቦታውን መያዝ አለብኝ። ከኋላቸው እኔ ልቁም።»

ሀፍቶም አልደወለም።

በሦስተኛው ዓመታችን ብርኽቲ ለአገር አቀፍ ሻምፒዮና ተመረጠች። አሰልጣኛችን ሰው ለማመስገን እጅግ የሚሰስት ሰው ነበር፤ እሱ እንኳ «እቺ ልጅ ባንዲራ ትይዛለች» ማለት ጀመረ። ልምምዱ ሲበዛባት የቀኝ እግሯ ቁርጭምጭሚት አበጠ። ቅዳሜ ሲደርስ ዓይናለም ካልሄድኩ አለች። ክፍሉ ስንገባ ግን መቆም አቃታት።

«ዛሬ አንቺ ሂጂልኝ» አለችኝ። «እኔ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ።»

«እኔ? ወለሉ ይሰበራል እኮ።»

«ጫማሽን አውልቂ።»

ጫማዬን አወለቅኩ፤ ልጆቹ ካልሲዬ መቀደዱን አይተው ተንከተከቱ። ግንባራቸውን ዴስኩ ላይ ደፉ፤ ብርኽቲም ከመሀል ወንበር ላይ ከአንዲት ቀጭን ልጅ ጎን ቁጭ ብላ እንደ ተማሪ ግንባሯን ደፋች። እኔ በእግሬ ጣት እየተንፏቀቅኩ፣ ትንፋሼን ይዤ በወንበሮቹ መሀል ዞርኩ። ማንም እጁን አላወጣም። ጨርሼ በሩ ጋ ደረስኩና ዘወር አልኩ።

ሁለት እጅ ወጥቷል። ከአንድ ወንበር። አንዱ የቀጭኗ ልጅ ነው። ሌላው የብርኽቲ።

ክፍሉ ሁሉ ዐይኑን እንደጨፈነ ነው፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከሁለቱ ጀርባ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። «ብርኽቲ!» አልኳት፤ ድምፄ ለራሴ አስጠላኝ። ቀና አለች። እጇን አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ትመስል ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችውና ወደ ጎን፣ ወደ ልጅቷ ዞረች።

ስንመለስ ፒካፑ ላይ «ደክሞሽ ነው» አልኳት።

«ይሆናል።»

«አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ? ሻምፒዮና እያለብሽ!»

ሳቀች። «እውነትሽን ነው። የት እሄዳለሁ?» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሰውን ልጅ መሄድ ከማጅራቱ የምታነብ ልጅ የራሷን ነገር እንደ ቀልድ አሳለፈችው። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ምክንያቱም ሌላ ምን ይደረጋል?

ልጅቷ ፍረወይኒ ትባላለች። እናቷ አደይ ለተብርሃን ጉድጓዶቹ አጠገብ ለውሃ ሠራተኞች ሻይ ያፈሉ ነበር፤ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም። ፍረወይኒ ወዲያው አመነች። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ልትሄድ ተስማምታለች፤ ቀኑን ደላላው ይነግራቸዋል። ብርኽቲ ያበጠ እግሯን በጨርቅ አስራ ከሰዓት ከሰዓት ዓይናለም መመላለስ ጀመረች። ልጅቷን የእርምጃ ውድድር አስተማረቻት። ሁለቱ በጉድጓዶቹ መሀል ዳሌያቸውን እያወዛወዙ ሲሄዱ የውሃ ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው ይስቁ ነበር። ሁሌም ፍረወይኒ ከፊት፣ ብርኽቲ ከኋላ። ልጅቷ የስፖርተኛ እግር ነበራት። በመጨረሻ እናቷ ፊት «ማርያምን አልሄድም» ብላ ማለች፤ አደይ ለተብርሃን እልል አሉ።

ብርኽቲ ግን ደስ አላላትም። «ማን በማርያም ማዪ አላት?» አለችኝ።

በሳምንቱ ልምምድ ላይ ሳለን አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፀጉራቸውን ሳይሸፍኑ ሜዳው መሀል ገቡ። «ጓለይ የለችም» አሉ። ሌላ ነገር መናገር አልቻሉም። በኩሓ በኩል፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው ቁልቁለት እንደሄዱ ከሰፈር ተሰምቷል።

ብርኽቲ የውሃ ኮዳዋን አነሳች። አሰልጣኙ ሲገባው እየሮጠ መጣ። «የት ነው? ሻምፒዮናው እኮ ደርሷል! በዚህ እግርሽ? ፖሊስ ይሂድ!»

«ፖሊስ ይሂድ ኮች፣» አለችው፣ «እኔም ልሂድ። ቀን ቀን ያርፋሉ፣ የሚጓዙት ሲመሽ ነው። አሁን ከሄድኩ እደርሳለሁ።»

እኔም ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አንቺ አትመጪም። ኮቴሽ ዓዲግራት ድረስ ይሰማል፤ ደላሎቹ ሰምተው ይሸሻሉ።» ሳቄን ሳልጨርስ ሄዳ ነበር። እስከ መንገዱ እያነከሰች፣ ግን በዚያው እርምጃዋ፣ አንድ እግሯ ሁልጊዜ መሬት ላይ። የጭነት መኪና ቆመላት። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ፍረወይኒ እሑድ ከሰዓት መጣች። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አስጠራችኝ፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ጫማዋ የለም። ሁለታችንም እኩል ተናገርን።

«ብርኽቲስ?» አልኳት።

«ብርኽቲ ደረሰች?» አለችኝ።

የነገረችን እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ታች ግራር ሥር በረድፍ ተቀምጠው አርፈዋል። እሷ አንገቷን ደፍታ ነበር። ከኋላዋ የብርኽቲን ድምፅ ሰማች። «ተነሺ። ፊትሽን ወደ ዳገቱ አዙሪና ሂጂ። ወደ ኋላ እንዳትዪ። እኔ ከኋላሽ ነኝ።» ተነስታ ሄደች። የከለከላት የለም። ዳገቱን ወጣች፣ መሸባት፣ ነጋ፣ ሄደች። ኮቴ አይሰማትም፤ የብርኽቲ ኮቴ ደግሞ መቼ ተሰምቶ ያውቃል? ከኋላዋ መሆኗን ግን ታውቃለች። ስትደክም ትቆማለች፣ ከኋላዋ ያለውም ይቆማል። ኩሓ አስፋልቱን ስትረግጥ «ደረስን» ብላ ዞረች። መንገዱ ባዶ ነበር።

ሰው ወጣ። አቦይ ካሕሳይ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፈቃድ ጠይቀው፣ የኩሓ ወጣት ችቦ ይዞ፣ እኛ ስፖርተኞቹ ሁሉ፣ ያንን ቁልቁለት ፈተሽነው። አንድ ጨርቅ እንኳ አልተገኘም። በዚያ እግሯ ከኋላ ስትከተል ገደል ገብታለች ተባለ። ጅብም አለ ተባለ። አሰልጣኙ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊሽካውን በጥርሱ ነክሶ ሲያለቅስ አየሁት።

ብዙ ሳይቆይ ሌላ መርዶ መጣ። ያን ቀን የወረዱት የዓይናለም ልጆች የተሳፈሩበት ጀልባ ባሕር ላይ ሰጥሟል፤ የተረፈ የለም። ሰፈሩ በየቤቱ ድንኳን ተከለ። አደይ ለተብርሃን ኩሓ ድረስ በእግራቸው ሄደው የአቦይ ካሕሳይን እግር ሳሙ። «ልጅህ ልጄን መለሰችልኝ» አሉ። አቦይ ካሕሳይ ሴትዮዋን አንስተው አቀፏቸው።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ልጃቸው የጠፋችበት ቀን በመጣ ቁጥር ብቻቸውን ቁልቁለቱን ወርደው ይወጣሉ። ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ ጉልበታቸው ከከዳቸውም በኋላ አልተዉም። ገደል ገደሉን ያያሉ። አጥንት ፍለጋ ነው ይላል ሰው። እኔም ሄጄ ልከተላቸው ብዬ ነበር፤ እምቢ አሉኝ።

ለተዝካሩ ኩሓ፣ አቦይ ካሕሳይ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አቦይ ካሕሳይ ለእኔና ለጎረቤት ሙስሊሞች በግ በሙስሊም አሳርደው በሌላ ድስት አሠርተዋል፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ይህን አለመርሳታቸው አንጀቴን በላው። ፍረወይኒ ወጥ ታወጣለች። አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ ዓይናለም ስፖርት ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣት ሰብስባ ትመክራለች ይላሉ፤ ያንን ጨዋታ ግን አጫውታ አታውቅም።

ጭልፋውን ለሌላ ሰው ሰጥታ ክንዴን ያዘችና ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደችኝ።

«ዘይነባ፣ ዞሬ ነበር።»

«መቼ?»

«እዚያው ታች። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ። አትዙሪ ብላኛለች፣ እኔ ግን ዞርኩ።» ወደ ድንኳኑ አየት አደረገች። «እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ተቀምጣለች። በረድፉ ውስጥ። ደላላው ከጎኗ ቆሟል። ሰው ከጎደለባቸው አይለቁም ነበር እኮ! ቅድም ልጆቹ ልቀቁን ብለው ሲለምኑ ሰምቻለሁ፤ ደላላው በምትካችሁ ሰው ካላመጣችሁ ንቅንቅ የለም ብሏቸዋል። በእኔ ቦታ ገብታ ነው የለቀቁኝ። ከኋላሽ ነኝ ያለችኝ እንድሄድላት ነው።»

ጀልባው ትዝ አለኝ። «እና ገደሉ... እኛ ያን ሁሉ ገደል...»

«ልመለስ ፈልጌ ነበር። እግሬ ግን ወደ ላይ ሄደ። ኩሓ ስደርስ እሷ ታመልጣለች፣ ትደርስብኛለች አልኩ። ከዚያ የጀልባው ወሬ መጣ። እናቴ የሰውዬውን እግር ስትስም ቆሜ እያየሁ፣ ልጅዎ በእኔ ቦታ ሰጠመች እንዴት ብዬ ልበል?» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «አንድ ነገር ግን አልዋሸሁም። እስከ ኩሓ ድረስ ከኋላዬ ሰው ነበር። እሷ ታች ቀርታ፣ መቅረቷንም በዐይኔ አይቼ፣ ደግሞ ከኋላዬ ሰው ነበር። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።»

አቀፍኳት።

«ቄሱ ስሟን ከመጥራታቸው በፊት ለአቦይ ካሕሳይ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ይገሉኝ እንደሆነ ይግደሉኝ። በሌለችበት ገደል መፈለግ ይብቃቸው።»

አቦይ ካሕሳይ የቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሰው ይቀበሉ ነበር። ፍረወይኒ ፊታቸው ተንበረከከች። ምንም ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መታጠፊያውን፣ ደላላውን፣ ቦታዋን፣ ጀልባውን። እኔ ከጎኗ ቆሜ ሽማግሌው እንዳይወድቁ ለመያዝ ተዘጋጅቻለሁ። አልወደቁም። ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ፊቷን አየሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«አየሁት አቦይ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያጠበቀች ነበር። አላየችኝም።»

«አላለቀሰችም?»

«አላለቀሰችም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከድንኳኑ ውስጥ ቄሱ ሲያስሉ ይሰማል። እኔ ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ ወይ ልቅሶ። እሳቸው ግን ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ የፈለጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ አጥንት ልፈልግ የወረድኩት የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው» አሉ። «ስወርድ ብቻዬን ነበርኩ። ስወጣ ከኋላዬ ሰው መጣ። ኮቴ የለውም። ስቆም ይቆማል። እስከ ኩሓ አደረሰኝ። በየዓመቱ የምሄደው ለዚያ ነው እንጂ፣ በዚህ ጉልበቴ ገደል ምን ይሠራልኛል? አንድም ቀን አልዞርኩም።»

ፍረወይኒ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ባሕር ውስጥ ናት እኮ አቦይ» አለች።

«ሰማሁሽ።»

«እና ከኋላችን ማን ነበር?»

አቦይ ካሕሳይ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፤ ቄሱ ወደተቀመጡበት አንድ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«ዘንድሮም እሄዳለሁ» አሉ።

«አብሬዎት ልምጣ?» አለች ፍረወይኒ።

በከዘራቸው ወደ ቁልቁለቱ አመለከቱ።

«ነይ» አሏት። «ግን ከፊቴ ነው የምትሄጂው።»